የራስጌ ጡቦች

ልብስ ሰፊዋ መጥረጊያዋን ባሏ ሰሞኑን ለብቻው ከሚተኛበት አልጋ ሥር ሰድዳ ስትጎትተው አንድ ጠንካራ ነገር ያዘባት። ጎንበስ ብላ አየች። በራስጌ በኩል፣ በሁለቱም የአልጋ እግሮች ሥር ጡብ ገብቷል። ጠርዙ የተሸራረፈ ቀይ ጡብ፣ በአንደኛው ጎን ላይ አረንጓዴ የቀለም ጠብታ ያለበት። ያንን ጠብታ የትም ብታየው አትስተውም። እሷ እስከምታውቀው ድረስ እነዚህ ጡቦች ጓሮ የውሃውን በርሜል ተሸክመው ነበር የሚኖሩት።

«ወይ ጉድ!» አለች። መጥረጊያውን ጥላ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ሌላ ሴት ብትሆን «አልጋው ተንጋዶ ይሆናል» ብላ መጥረጓን ትቀጥል ነበር። እሷ ግን የነዚያን ጡቦች ነገር ታውቃለች። ባሏ ያንን የጡንቻ ኪኒን እንደገና ጀምሯል ማለት ነው። ጀምሮታልና ደረቱን እያቃጠለው ነው፣ እያቃጠለውም ደብቋታል። ያ ኪኒን ደግሞ አንዴ መቃብር አፋፍ አድርሶ የመለሰው ነው። ሁለተኛ ይመልሰዋል ብላ የምታስብ ጅል አይደለችም።

ሰው ሲደነግጥ አንዳንዴ ወደ ፊት መሮጥ ሲገባው ወደ ኋላ ይሄዳል። እሷም እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሐሳቧ ጭልጥ ብሎ ወደ ወጣትነቷ ሄደ።

ያን ጊዜ ባሏ ገና ባሏ አልነበረም፤ የብረት በር የሚበይድ ጎረምሳ ነበር። ሠፈሩ «ግንቡ» ይለዋል። በር ሲያገኝ በጎኑ ዞሮ ነበር የሚገባው፤ በሩ ጠቦት ሳይሆን ሰው እንዲያይለት ነው። አንድ ቀን እጅጌው ከብብቱ እስከ ክርኑ የተተረተረ ሸሚዝ ይዞ ሱቋ መጣ።

«ምነው፣ ውሻ ያዘህ?» አለችው።

«ኧረ እጄን አጥፌ ነው።»

«እጅ ሲታጠፍ ሸሚዝ ይቀደዳል? እስቲ እጠፈው ልየው!»

አጠፈው። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ክንዱ ላይ ጠመጠመች፣ ቁጥሩን አየች። «ጉድ! ይሄ ክንድ ነው ወይስ ጭን?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ያን የሚያህል ሰውዬ መግቢያ ጠፋው። ሸሚዙን ጥሎላት ሂሳቡን እንኳ ሳይጠይቅ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ለመደ። መጀመሪያ የተቀደደ ሸሚዝ ይዞ፣ ሸሚዙ ሲያልቅ የአጎቱን ሱሪ ይዞ፣ የአጎቱ ሱሪም ሲያልቅ ባዶ እጁን። «ዛሬስ ምን ልስፋልህ?» ትለዋለች። «ምንም። ለኪኝ ብቻ» ይላታል። ትለካዋለች። የክር ውፍረት ያህል እንኳ ጨምሮ ካገኘችው «ጉድ!» ትላለች። እሱ ያቺን ቃል ስንቅ አድርጎ ሳምንቱን ሙሉ ብረት ሲገፋ ይከርማል። እናቷ ከጓዳ ሆነው ሲያዳምጡ ኖረው ኖረው፣ «ልጄ፣ ይሄ ልጅ የሚፈልገው ሸሚዝ አይመስለኝም» አሉ። አልተሳሳቱም።

ብረት የሚገፉበት ቤት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነበር። ጂም ይሉታል እነሱ፤ የመኪና አክስል፣ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ከታች የተሰበረ መስታወት፣ ንብረቱ ይኸው ነው። መስታወቱ ከወገብ በላይ ብቻ ስለሚያሳይ የሠፈሩ ጎረምሶች ሁሉ ደረታቸው በር አክሎ እግራቸው የፌንጣ ሆኖ ቀረ። እሷ ምሳ ስታደርስ በሩ ላይ ቆማ ትስቅባቸው ነበር። የዝገቱ፣ የላቡና የጋራዡ ዘይት ሽታ ዛሬም ድረስ በአፍንጫዋ አለ። ወጣትነት ምን ምን ይሸታል ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ያንን ሽታ ነበር የምትነግረው።

ተጋቡ። ከተጋቡ በኋላ ነው ኪኒኑ የመጣው።

ያመጣው «ዶክተሩ» የሚሉት ጓደኛቸው ነው። ዶክተሩ መባሉ ጥቁር ቦርሳ ስለሚይዝ እንጂ የበግ ሐኪም እንኳ አልነበረም። «ይሄን ውሰድና በሁለት ወር ውስጥ ዋንጫው ያንተ ነው» አለው። እውነትም ግንቡ አበጠ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሜትሩ ወደ ላይ ነው፣ «ጉድ!»ም ወደ ላይ ነው። ትከሻው ሲታመም ደግሞ ዶክተሩ የሕመም ማስታገሻ ጨመረለት፣ እሱንም እንደ ከረሜላ ዋጠው።

ጨጓራው ግን እንደ ጡንቻው አልታገሰም። ከበላ በኋላ ደረቱ መሃል ፍም ያረፈ ይመስል ያቃጥለዋል። የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ኮምጣጣ ውሃ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል። ሆዱ ይነፋል። ሲያገሳ የጎረቤት ውሻ ይመልስለታል። ቃሩ ሲብስበት ቁጭ ብሎ ያነጋል።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ችግር አይታ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ከሰውም ጠየቀች፣ ከራሷም ፈለሰፈች። ቃር ያለበት ሰው ከራስጌ ከፍ ብሎ ይተኛ ሲሏት፣ በር ከሚበይድበት ሕንፃ ጡብ አስመጣችና አልጋው እግር ሥር አስገባች። አረንጓዴዋ ጠብታ የዚያ በር ቀለም ናት። በርበሬውን፣ ቲማቲሙን፣ ሎሚውን ከቤት አባረረች። ራት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆነ፣ ያውም ትንሽ ትንሽ እየተደረገ። በግራ ጎኑ እንዲተኛ አስለመደችው። የሱሪዎቹን ቁልፍ ሁሉ ፈትታ ወገባቸው ላይ ላስቲክ አስገባች፣ ሆዱን ቀበቶ እንዳያስጨንቀው። ሰውየው ከላይ ሻምፒዮን ከታች የሕፃን ሱሪ ለባሽ ሆነ። በየኪሱ ደግሞ ያቺን የምትታኘክ ነጭ የቃር ኪኒን ከተተችለት።

መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ቃሩ ተነሳበትና በዳበሳ ከስፌት ጠረጴዛዋ ላይ አንዷን አንስቶ አኘከ። «ይቺኛዋ ከየት መጣች?» አላት። «አፍ ላይ አትጣፍጥም እንጂ ቶሎ ነው ያበረደችልኝ!» መብራቱ ሲመጣ ጠመኔዋ የለችም፣ የባሏ ከንፈር ዱቄት ነው። ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ ነው የበላላት! ያን ምሽት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጠመኔ በጠፋት ቁጥር «በላኸው?» ማለት የቤታቸው ወግ ሆነ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ከብልሃቶቿ መሃል ስህተት የሚባል አንድም አልነበረም። ሁሉም ያበርዳል። የሚያቃጥለው ነገር ግን በየማለዳው፣ እሷው በቀዳችው ውሃ ይዋጥ ነበር።

ለውድድሩ ሰማያዊ የከፋይ ካባ ሰፋችለት፤ ወርቃማ ክር ያለው፣ ከትከሻው ላይ ሲጥለው ሕዝቡ የሚጮህለት። ዋንጫውንም አመጣ። ዋንጫዋ ከውሃ መጠጫ ብርጭቆ አትበልጥም፤ እነሱ ግን ትራሳቸው መሃል አስተኝተዋት አደሩ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ መታጠቢያ ቤት ወድቆ አገኘችው። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሰንብቷል ለካ፣ «ሻምፒዮን ይታመማል እንዴ?» ብሎ ደብቋት ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ጨጓራው ቆስሎ እየደማ ነበር። መነጽር ያደረገችው ሐኪም ሁሉንም ጠየቀቻት። እሷም ጡቡን፣ ላስቲኩን፣ የምትታኘከዋን ኪኒን እንደ ሙያ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሐኪሟ አልተቆጣችም።

«እህቴ፣ ቃሩ እኮ ዘበኛ ነበር» አለቻት። «ሌባ ገባ እያለ ሲጮህላችሁ፣ እናንተ አፉን ይዛችሁ አስተኛችሁት። ያንን የጡንቻ ኪኒን፣ ስቴሮይዱን፣ ከማስታገሻው ጋር ደርቦ ከሚውጥ ሰው ላይ ሕመሙን ብቻ ማንሳት ጥሩ አይደለም።»

ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። እሱ ሲድን ኪኒኑን ሽንት ቤት ደፋው፣ ማለ፣ ተገዘተ። ጡቦቹም ጓሮ ወጥተው በርሜል ተሸከሙ።

ዓመታት አለፉ። ልጆቹ የየራሳቸውን ጎጆ ወጡ። ግንቡ ስሙ ቀረለት እንጂ አጥር ሆነ፤ እሷም እጅጌ ማስፋቱን ትታ ማጥበብ ጀመረች። ካባው ሳጥን ውስጥ ነው። በቅርቡ ግን ያ ጋራዥ ሊፈርስ ነው ተባለና፣ የድሮ ብረት ገፊዎቹ ከመፍረሱ በፊት አንድ ቀን እንሰብሰብ፣ ሁሉም የድሮውን ይልበስ አሉ። ሰሞኑን ነው እንግዲህ፣ ባሏ ስፌት ላይ እንዳለች መጥቶ «እስቲ ለኪኝ» ያላት። ለካችው። ቁጥሩን ነገረችውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያን ቀን ምን እንዳደረገች አላወቀችም ነበር።

አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታስበው ምልክቱ ሁሉ ነበረ። ለብቻው መተኛቱ፣ ትንሽ ትንሽ መብላቱ፣ ከብየዳ ቤት ሲመጣ «ከረሜላ ነው» እያለ የሚያኝከው ነገር። ሳጥኑን ከፈተች። ካባው እሷ ባላጠፈችው አስተጣጠፍ ታጥፏል።

ተነሳች። አልጋውን በጉልበቷ ቀና እያደረገች ሁለቱንም ጡቦች አወጣች።

ማታ ባሏ ከብየዳ ቤት ሲመለስ ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ፣ በየሳህኑ ላይ አንድ አንድ ጡብ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ቆሞ።

«ራትህ ነው። ብላ።»

«እሜቴ፣ ምን ሆነሻል?» ድሮ ሲያቆላምጣት ነው እንዲህ የሚላት። «አልጋው ተወዛወዘብኝና እኮ...»

«እኔን? እኔን ትዋሻለህ?» ሹካውን ጠረጴዛው ላይ አስጮኸችው። «ማነው ያመጣልህ? ያ ባለቦርሳ ነው?»

«እሱ ነው» አለ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። 

«ሰገራህ ምን ይመስላል?»

«እንዴ! ምን ነካሽ አንቺ ደግሞ፣ ራት ላይ!»

«ራቱ ጡብ ነው፣ አትጸየፍ። ንገረኝ!»

ግንቡ አንገቱን ደፋ። «ጠቁሯል» አለ ቀስ ብሎ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ተነስ። እንሂድ።»

«ልብሴ የብየዳ ነው፣ ልቀይር...»

«አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት በፓንት የቆምክ ሰው ዛሬ የልብስ ነገር አነሳህ? ተነስ ብዬሃለሁ!»

ታክሲው ውስጥ ሆዱን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠ። እሷም ወደ ሌላው መስኮት። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው ያወራው።

«ካባውን ለብሼው ነበር» አለ። «ዋጠኝ። መስቀያ ላይ የሰቀልሽው ነው የመሰልኩት።»

«ታዲያ ለካባ ብለህ ልትሞት ነው?»

«ለካባው አይደለም።» ወደ እሷ ዞረ። «ሰሞኑን ስትለኪኝ ቁጥሩን ነገርሽኝና ወደ ስፌትሽ ዞርሽ። ‹ጉድ› አላልሽም። ለአንዲት ቀን፣ አንዲት ቅዳሜ ብቻ፣ እንደዚያ እንድትዪኝ ፈለግኩ።»

 ልብስ ሰፊዋም ከመስኮቱ ዞረች። እጁን ፈልጋ ያዘችው፣ ሆስፒታሉ በር እስኪደርሱም አልለቀቀችውም።

የተቀበላቸው ሐኪም ወጣት ነው። «አባባ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለው። ግንቡ ከልጆቹ ሌላ ሰው አባባ ሲለው የመጀመሪያው ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ክንዱን አጥፎ ያሳየው ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ግን ገብቶታል በመጨረሻ። የኪኒኑን ስም፣ የሚውጠውን መጠን፣ ለትከሻው የሚወስደውን ማስታገሻ፣ ሰገራውን ሳይቀር፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ሁሉንም ራሱ ተናገረ። በጉሮሮው ካሜራ አስገቡ። የድሮው ጠባሳ አጠገብ አዲስ ቁስል ተከፍቶ ይደማል። እዚያው ደሙን አቆሙት፣ ደምም ሰጡት።

«በጊዜ መጥታችኋል» አለ ሐኪሙ ሲወጣ። «ትንሽ ብትዘገዩ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።»

ያኔ ነው ወንበር ፈልጋ የተቀመጠችው። 

በማግስቱ ሜትሯንና ካባውን በፌስታል ይዛ መጣች። ግሉኮሱ ያልገባበትን ክንዱን አንስታ ሜትሩን ጠመጠመችበት። ሜትሩ ዞሮ ዞሮ ብዙ ተረፈ። ቁጥሩን አየች፣ ፊቱን አየች።

«ጉድ!» አለች።

«ምን ጉድ አለው እሱ ደግሞ» አለ እየሳቀም እየከፋውም። «አንሷል እኮ።»

«ጉዱማ ዛሬም የምለካው ክንድ መኖሩ ነው።» እንባዋ ካባው ላይ ወረደ፣ በእጇ ጠረገችው። «አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከልብስ ሰፊ ጋር ኖረህ ይሄ እንዴት ይጠፋሃል? ልብሱ አልሆን ሲል ልብሱ ይስተካከላል እንጂ ሰውዬው አይነፋም!»

እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የካባውን ጎን መተርተር ጀመረች። እሱ ትራሱ ላይ ሆኖ እጇን ሲያይ እንቅልፍ ወሰደው።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሰጠው፤ ያንን የጡንቻ ኪኒንና ማስታገሻውን ዳግም እንዳይነካ አስጠነቀቀው። «ቃሩ እስኪበርድ ደግሞ አልጋውን ከራስጌ ከፍ አድርጉለት» አላት ለእሷ። የቀረውን ሁሉ ፈጸመች። ጡቦቹን ግን እጇ ሊነካቸው አልፈቀደም፤ ከሳህኑ ላይ አንስታ በር ሥር ጥላቸው ነበር፣ እዚያው ተኝተዋል። ትራስ በትራስ ላይ ብትደርብለትም እየተንሸራተተ አንገቱን ቆልምሞት ያድራል።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። ግንቡ ጠቦ በልኩ የሆነውን ካባ ለብሶ ሄደ፣ እሷም እንደ ድሮው በሩ ላይ ቆመች። ጋራዡ ያው ነው፣ የቆርቆሮው ሲሚንቶ ያው፣ መስታወቱ ከወገብ በላይ ያው። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው ያረጁት። አንዱ ምርኩዝ ይዟል። አንዱ ደረቱ ወደ ሆዱ ወርዶበታል። ምሳ ተበልቶ ሳቁ ሲሟሟቅ አንደኛው ደረቱን ይዞ ኪሱ ገባና ነጭ ኪኒን አወጣ። ሲያዩት ሌላውም አወጣ፣ ሦስተኛውም። ከዶክተሩ ቦርሳ የበሉት ሁሉ ማኘክ ያዙ። ዶክተሩ ራሱ ጥግ ላይ ቆሞ ያኝካል። ብረቱ ጠፋ፣ ጡንቻው ጠፋ፣ ቃሩ ብቻ ቀረ ብለው ተሳሳቁ። ግንቡ ግን አልሳቀም። «ሰገራው የጠቆረበት ሰው አለ?» አለ ጮክ ብሎ።  ባለ ምርኩዙ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ግንቡ ሄዶ በክንዱ ደገፈው፣ ወደ በሩም ይዞት መጣ። «እሜቴ፣ ታክሲ ጥሪ» አላት።

ያንን ሰውዬ ለሐኪም አስረክበው ቤታቸው ሲመለሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ልብስ ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን ሳታደርግ ጡቦቹን አንስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ባሏ ካባውን ሲያወልቅ አልጋውን በትከሻዋ ደግፋ አንዱን ስታስገባ አገኛት።

«አንቺው አውጥተሽ አንቺው ትመልሻቸዋለሽ?» አላት።

«ያን ጊዜ ለዋንጫው ነበር ያስገባኋቸው» አለች ሁለተኛውን ጡብ በእግሯ እየገፋች። «አሁን ለአንተ ነው። ያዝልኝ ቀና አድርገህ።»

ግንቡ ጎንበስ ብሎ አልጋውን ያዘላት።